በ92 ዲግሪ የፈላ ውሃ ፕላስቲክ አያጥፍም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የሕንፃ ሞዴል ለሚሠሩ ተማሪዎች ያወጣችሁትን ምክር ለገጣፎ አካባቢ ሞዴል የምንሠራ ሰዎች ተቀባብለን አነበብነው። አብዛኛው ያስማማናል። ነጩን የፖሊስታይሪን ሺት በፈላ ውሃ ነክሮ ማጠፍ የሚለው ግን ለጅቡቲ ወይም ለምጽዋ ሰው ይሁን እንጂ ለእኛ አይሆንም። ይህ ፕላስቲክ በቅጡ የሚለሰልሰው ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆኑ ውሃችን 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ከዚያ ወዲያ እሳቱን ብትጨምሩ እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ ሙቀቱ ንቅንቅ አይልም።

1 ሚሊ ሜትር ሺት ቧንቧ ላይ ታስሮ ቢቀቀል፣ ማሰሪያው ሲፈታ ቀስ እያለ ይከፈታል። ተማሪው ይህን ሳያስተውል የክብ ደረጃውን ግድግዳ ያጣብቃል፤ ሲነጋ መገጣጠሚያው ተገንጥሎ ይጠብቀዋል። ጨው ጨምሩበት የሚሉ አሉ። በ1 ሊትር ውሃ 60 ግራም ጨው የሚጨምረው 1 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ምጣድ ላይ ማሞቅማ ሺቱንም ምጣዱንም ማጣት ነው።

ስህተቱ ፒቪሲ ከሚባለው ሌላ ፕላስቲክ ጋር ከመምታታት የመጣ ይመስለናል። ፒቪሲ 80 ዲግሪ አካባቢ ስለሚለሰልስ በእኛም ውሃ ይታጠፋል፤ ሁለቱም ነጭ ስለሆኑ ሻጩም ገዢውም ያምታታቸዋል። መለያው የመዳብ ሽቦ ነው። ሽቦውን ነበልባሉ ቀለም እስኪያጣ አግሉት፣ ቁራጩን ንኩበት፣ መልሳችሁ እሳት ላይ አድርጉት። አረንጓዴ ከነደደ ፒቪሲ ነው። የሽቦውን ሽፋን አስቀድማችሁ አጥርታችሁ ላጡ፤ ብዙ ጊዜ ሽፋኑ ራሱ ፒቪሲ ነውና ያሳስታችኋል። ሙከራው ደጅ ይሁን። አረንጓዴ የነደደውን ሺት ደግሞ ለሌዘር መቁረጫ አትስጡ፤ የሚወጣው ጋዝ አሲድ ሆኖ ማሽኑንም ሳንባንም ይበላል።

ፖሊስታይሪኑን ለማጠፍ እሳት አያስፈልግም። በ1 ሚሊ ሜትሩ ፈንታ ሁለት 0.5 ሚሊ ሜትር ሺቶችን ደራርቡ። ስትቆርጡ ካተሩን አትጫኑት፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀለል አድርጋችሁ አስምሩና በመስመሩ ስበሩት። ካተሩ ያለፈበት ግራና ቀኝ በጣት የሚታወቅ ስስ ከንፈር ይነሳል። በስለቱ ፋቁት፤ ካልተፋቀ ሺቶቹ ጠርዙ ላይ አይገናኙም። የውስጠኛውን በየ2 ሴንቲ ሜትሩ በ1 ሚሊ ሜትር መብሻ ብሱት፣ ከዚያ ከሚፈለገው ክብ ጥቂት ጠበብ ያለ ቧንቧ ላይ ጠቅልላችሁ በፕላስተር እሰሩት። ውጪኛው ረዘም ይበል። ለሙሉ ክብ የ3 ሚሊ ሜትር ልዩነት አለና እኩል ከተቆረጠ ጫፎቹ አይገጥሙም፤ ትርፉን ከደረቀ በኋላ ቁረጡ።

ማጣበቂያው የመኪና ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት ቲነር ነው። በበጋ ደረቅ አየር ብሩሹ ሳይመለስ ስለሚተን በአንዴ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ አትቀቡ፤ እየቀባችሁ እየተጫናችሁ ሂዱ። ይበልጥ ይያዝ ብሎ ማርከፍከፍ ሺቱን ያቀልጠዋል፣ ውስጥ የቀረው ትነትም ከቀናት በኋላ እብጠት ሆኖ ይወጣል። ቀዳዳዎቹ የተበሱት ለዚህ ነው። በብስክሌት ከመነዳሪ ቁራጭ ጠምጥማችሁ 24 ሰዓት አቆዩት። ሲፈታ ቅርጹን ይዞ ይቀራል፤ የሚመለሰውን ጥቂት ደግሞ የቧንቧው ጥበት ያካክሰዋል።

መስኮት ይከፈት፤ ቲነሩ ክዳኑ እስኪዘጋ ድረስ ሲጋራም ሆነ ከሰል አጠገቡ አይድረስ።

ሞዴል ሠሪዎች፣ ከለገጣፎ