የመጽሐፍ ጥረዛ ክበብ የ2016 የትምህርት ዘመን ዘገባ

ደብተር በጀጎል፣ በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ የሐረር ከተማ፣ ውስጥ ከየትኛውም ሱቅ ይገዛል። የክበባችን አባላት ግን ዘንድሮ ደብተራቸውን በእጃቸው ሰፍተዋል። ወጪው ከሱቁ አይቀንስም፤ ጊዜውማ አይነሣ። ክበቡ ለገቢ ማስገኛ ይሆን እንደሆነ ተጠይቀን ነበር። አይሆንም ብለናል። የምንጠርዘው ስለምንወደው ነው፤ በዕቅዳችንም ላይ እንዲሁ ተጽፏል። ማሽን የሚጠላ አባል የለንም፤ ይህም ዘገባ የተጻፈው በኮምፒውተር ነው።

በጥቅምት ወር በራስ ተፈሪ ቤት የሚገኘውን የሸሪፍ ሐረር ከተማ ሙዚየም ጎበኘን። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ ስለ ግንቡ ብዙ ይወራል፤ የሐረርን ጠራዦች የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። በእጅ የተጻፉት ቁርኣኖችና ኪታቦች የቆዳ ሽፋናቸው ጌጥ ታትሞበታል። ተማሪዎቹ ዐይናቸውን ያልነቀሉት ከታችኛው ሽፋን ተነሥቶ፣ የገጾቹን ጠርዝ ሸፍኖ፣ ከላይኛው ሽፋን ሥር ከሚገባው የቆዳ ክዳን ላይ ነው። በማግስቱ ሁሉም በካርቶን ሞከሩት።

አሠራራችን ቀላል ነው። አራት አራት ወረቀት አንድ ላይ አጥፈን እጥፋቱን በማንኪያ ጀርባ እንጫነዋለን፤ በወስፌ በስተን በሰም በታሸ ክር እንሰፋለን። ክሩ ጠብቆ ሲሳብ ወረቀቱን ይቀደዋል፤ ሲላላ ደግሞ ጥራዙ ይወላገዳል። የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ልኩን ያገኙት ጥር ላይ ነው።

ከዓመቱ ሥራ ሁሉ የምኮራበት አንድ ነው። አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሟች አያቷን የአፎቻ (እንደ ዕድር ያለ የሐረሪዎች መረዳጃ ማኅበር) መዋጮ መዝገብ ይዛ መጣች። ስምና ገንዘብ ብቻ ነው ያለበት፤ ሒሳቡ ድሮ ተዘግቷል፤ የሚጠይቀውም የለም። በስልክ ፎቶ አንሥታ ማስቀመጥ ትችል ነበር፤ ፎቶውንም አንሥታለች። ከዚያ ግን የላላውን ክር አውጥታ፣ አዲስ ቀዳዳ ሳትበሳ፣ መርፌዋን በአሮጌዎቹ ቀዳዳዎች እያሳለፈች መልሳ ሰፋችው። የተበላውን ሽፋን አልጣለችም፤ ከአዲሱ ውስጥ ለጠፈችው። ሦስት ሳምንት ወስዶባታል፤ እኔም አላስቸኮልኳትም።

በሰኔው የወላጆች ቀን ደብተሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው ታዩ። ዋጋ የጠየቁ ወላጆች ነበሩ፤ አልሸጥንም። ልጆቹ የሰፉትን ለእናቶቻቸውና ለጓደኞቻቸው ሰጡ።

ለመጪው ዓመት በቆዳ መሸፈን እንጀምራለን። አዲስ ቆዳ ውድ ስለሆነ ያረጀ የቆዳ ቦርሳ ወይም ጃኬት ያላችሁ ወላጆችና መምህራን በቤተ መጻሕፍቱ በኩል ብታደርሱን በደስታ እንቀበላለን፤ የተቀደደም ቢሆን ይጠቅመናል።