ኮምፒውተራችሁ አድራሻውን ከየት ያመጣል?

ለውድ ደንበኞቻችን፣

«ዋይፋዩ ተገናኝቷል ይላል፣ ኢንተርኔት ግን የለም።» በስልክ ደጋግመን የምንሰማው ቅሬታ ይህ ነው። ሄደን ስናይ ብዙ ጊዜ መስመሩ ደህና ነው። ራውተሩም አልተበላሸም። የተበላሸው ኮምፒውተሩ አድራሻ የሚያገኝበት መንገድ ነው። ነገሩን አንዴ ከተረዳችሁት አብዛኛውን እኛን ሳትጠብቁ ራሳችሁ ትፈቱታላችሁ። ሰፋ አድርገን የጻፍንላችሁም ለዚህ ነው።

አንድ ኮምፒውተር ኔትወርክ ላይ ለመሥራት አራት ነገር ይፈልጋል። መጀመሪያ የራሱን አይፒ አድራሻ፣ ማለትም ሌሎች መልእክት የሚልኩለትን ቁጥር። ቀጥሎ ሰብኔት ማስክ፣ ማለትም የትኞቹ አድራሻዎች እዚያው ግቢ ውስጥ እንዳሉ የሚለይበትን ቁጥር። ከዚያ ወደ ውጭ የሚወጣበትን በር፣ ጌትዌይ የምንለውን። በመጨረሻም የድረ ገጽ ስም ወደ ቁጥር የሚለውጥለትን የዲኤንኤስ ሰርቨር አድራሻ። ዲኤንኤሱ ብቻ ሲሳሳት ፕሪንተሩ ያትማል፣ ድረ ገጽ ግን አይከፈትም። ጌትዌዩ ሲሳሳት እርስ በርስ ፋይል ትለዋወጣላችሁ፣ ወደ ውጭ ግን መውጫ የለም። ስትደውሉልን «የቱ ይሠራል፣ የቱ አይሠራም?» እያልን የምናደርቃችሁ ለዚህ ነው።

ድሮ እነዚህን ቁጥሮች ሰው በእጁ ነበር የሚያስገባቸው። አንድ አኃዝ ከተሳሳተ አለቀ። ኮምፒውተሩ ወደ ሌላ ቢሮ ሲዛወር እንደገና መጻፍ ነው። ዛሬ ሥራውን የሚሠራልን ዲኤችሲፒ የሚባለው አሠራር ነው። መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሆን፣ አሁንም መሠረት የሆነው ሰነድ በ1997 ታትሟል። ቤታችሁ ባለው ትንሽ ራውተር ውስጥም አለ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ አድራሻ የለውም። ማንን መጠየቅ እንዳለበትም አያውቅም። ስለዚህ ለሁሉም ይጣራል፦ «አድራሻ የሚሰጠኝ አለ?» ላኪው ማን ነው በሚለው ቦታ 0.0.0.0 ብሎ ይጽፋል፣ ሌላ የሚጽፈው የለውማ። ተቀባዩ 255.255.255.255 ነው፣ ማለትም የሰማ ሁሉ። ራውተሩ ይሰማና «192.168.1.104 ነጻ ነው፣ ትወስደዋለህ?» ይላል። ኮምፒውተሩ «አዎ፣ እሱን ስጠኝ» ብሎ ይመልሳል። ራውተሩ «ያንተ ነው» ብሎ ያጸድቃል፤ ማስኩን፣ ጌትዌዩንና ዲኤንኤሱንም አብሮ ይሰጠዋል። አራት መልእክት ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሳትገልጡ ያልቃል።

ሦስተኛው መልእክት ላይ ቆም እንበል። ኮምፒውተሩ «አዎ» የሚለው ለመረጠው ሰጪ ብቻ በመላክ አይደለም፤ የመረጠውን እየጠቀሰ አሁንም ለሁሉም ያሰማል። አድራሻ ሊሰጡ የቀረቡት ሁለት ከሆኑ ያልተመረጠው ሰምቶ የራሱን መልሶ ያስቀምጣል። ይህን ያሰቡት ሰዎች ሥራቸውን የሚያውቁ ነበሩ።

አድራሻው ስጦታ አይደለም፣ ኪራይ ነው። ኪራዩ 24 ሰዓት ነው እንበል። 12 ሰዓት ሲሞላ ኮምፒውተሩ ያንኑ ራውተር እንዲያድስለት ይጠይቃል። መልስ ካጣ ደግሞ ይሞክራል። 21 ሰዓት ላይ ደግሞ የሚያድስለት ማንም ይሁን ማን ብሎ እንደገና ለሁሉም ይጣራል። 24 ሰዓት ሞልቶ ያደሰለት ከሌለ አድራሻውን መተው ግዴታው ነው። ጠዋት ሲሠራ የዋለ ኮምፒውተር ማንም ሳይነካው ማታ የሚቆመው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። ችግሩ የተፈጠረው ከሰዓታት በፊት ነበር።

ኪራዩ ባይኖር እንግዳ ሁሉ አድራሻ ይዞ ይሄድ ነበር። ራውተሩ የሚያድላቸው አድራሻዎች የመጨረሻ ቁጥራቸው ከ100 እስከ 199 ከሆነ ያለው 100 አድራሻ ነው። እንግዳ የሚበዛበት ቦታ ላይ ኪራዩን አንድ ሳምንት ካደረጋችሁት ትናንት የሄዱት ሰዎች የዛሬዎቹን ቦታ ይይዛሉ። አዳዲስ ስልኮች ደግሞ ለግላዊነት ሲሉ ማክ አድራሻቸውን፣ ማለትም ራውተሩ ዕቃውን የሚለይበትን መለያ ቁጥር፣ ይቀያይራሉ። አንዱ ስልክ ለራውተሩ እንደ ሁለት ስልክ ሊታየው ይችላል። ለእንግዶች በተለየው ዋይፋይ ላይ ኪራዩን ጥቂት ሰዓት ማድረግ ይበቃል።

አሁን ወደምንለምናችሁ ነገር እንምጣ። እባካችሁ አድራሻ በእጃችሁ አታስገቡ። በተለይ ፕሪንተር ላይ። አንድ ሰው ፕሪንተሩ ቦታው እንዳይጠፋ ብሎ 192.168.1.110 ይሰጠዋል። ራውተሩ ይህን አያውቅም። አንዳንድ ራውተር ከመስጠቱ በፊት ቁጥሩ መያዙን ይፈትሻል። ፕሪንተሩ በዚያ ሰዓት ጠፍቶ ከነበረ ግን መልስ የሚሰጥ የለም፤ 110 ለአንዱ ላፕቶፕ ይታደላል። ጠዋት ፕሪንተሩ ሲበራ ሁለቱ ይጋጫሉ። አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይቆማል፤ ሰው ኬብል ሲቀያይር ይውላል። ቋሚ አድራሻ የሚያስፈልገው ዕቃ ካለ ራውተሩ ላይ ማክ አድራሻውን መዝግበን አንድ ቁጥር እናስይዝለታለን። ዕቃው ራሱ አውቶማቲክ ላይ ይቀራል፤ ሁልጊዜም ያንኑ ቁጥር ያገኛል።

ሁለተኛው ልመናችን ሳታማክሩን ሌላ ራውተር አትሰኩ የሚል ነው። አንድ ቢሮ ውስጥ ግማሹ ሰው ይሠራል፣ ግማሹ አይሠራም ተብለን ሄድን። ግማሽ ቀን ፈጀብን። ለካ አንዱ ሠራተኛ ዋይፋዩ ጥግ ድረስ እንዲደርስ ብሎ ትርፍ ራውተር አምጥቶ ከካቢኔ ጀርባ ሰክቶታል። በቅን ልቦና ነው ያደረገው። ግን ያ ራውተርም አድራሻ ያድላል። ኮምፒውተር ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የመለሰለትን ይቀበላል፤ ማን እንደሆነ አይጠይቅም። ፍንጩን ያገኘነው የሚሠራና የማይሠራ ኮምፒውተር ጎን ለጎን አድርገን ጌትዌያቸውን ስናነብ ነው። የተለያየ ነበር። እንዲህ ያለ ራውተር መጠቀም ይቻላል፤ መጀመሪያ ግን ዲኤችሲፒውን ማጥፋት ያስፈልጋል።

ይህ ጉዳይ ከስህተትም ያልፋል። ክፉ ሰው ሆን ብሎ ቢያደርገው ለኮምፒውተራችሁ የራሱን ጌትዌይና ዲኤንኤስ ሊሰጠውና ትራፊኩን በእሱ በኩል ሊያሳልፍ ይችላል። ስለዚህ እንግዳ በሚቀመጥበት ክፍል ያለ፣ የማትጠቀሙበት የኔትወርክ ሶኬት ክፍት አይሁን። ኬብሎቹ የሚሰኩባቸው ሳጥኖች፣ ስዊቾች የምንላቸው፣ ይህን የሚችሉ ከሆኑ ከተፈቀደው ሰርቨር ውጭ አድራሻ የሚያድልን መሣሪያ መልስ የሚዘጋውን መከላከያ እናበራላችኋለን።

ችግር ሲገጥማችሁ መጀመሪያ የኮምፒውተሩን አይፒ አድራሻ ተመልከቱ። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ተጣርቶ መልስ የሚሰጠው አጥቷል ማለት ነው፤ ያንን ቁጥር ለራሱ የሰጠው ራሱ ነው። ኬብሉን ነቅላችሁ ሰኩት፣ ወይም ዋይፋዩን አጥፍታችሁ አብሩት። ያኔ እንደገና ይጣራል። ካልሆነ ራውተሩን ሪስታርት አድርጉ። በ192.168 የሚጀምር ሆኖ ከጓደኛችሁ ኮምፒውተር ጋር ሦስተኛው ቁጥር ከተለያየ ደግሞ አንድ ሰው የሆነ ነገር ሰክቷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ጠይቁ። አድራሻው ትክክል ሆኖ እምቢ ካለ ሴቲንጉ ውስጥ ገብታችሁ አውቶማቲክ የሚለው መመረጡን አረጋግጡ፣ ዲኤንኤሱም ጭምር። አይፒው አውቶማቲክ ሆኖ ዲኤንኤሱ በእጅ የገባ ድሮ የቀረ ቁጥር ይዞ ያገኘንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ስትደውሉልን አድራሻውንና ጌትዌዩን አንብቡልን። በሚቀጥለው የጥገና ጉብኝታችን ፕሪንተሮቻችሁን፣ ካሜራዎቻችሁንና ሰርቨሮቻችሁን ራውተሩ ላይ እንመዘግባለን። ከዚያ በፊት በእጅ አድራሻ የሰጣችኋቸው ዕቃዎች ካሉ ዝርዝራቸውን ላኩልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጥገና ቡድኑ