ለአባዬ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ድሬዳዋ

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? የድሬ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን። ትንሿ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው «ለአያቴ አሳዩልኝ» እያለች ፎቶ ታስነሳናለች።

እህቴ ደውላ ነበር። ሐኪሙ ያዘዘልህን የድብርት መድኃኒት፣ ፍሉኦክሴቲን፣ በ10ኛው ቀን ትተኸዋል አሉ፤ «ምንም አልሠራልኝም» ብለህ።

ሥራዬን ጠይቀኸኝ አታውቅም፤ ዛሬ ልንገርህ። የአንጎል ሕዋስ ሴሮቶኒን የሚባል መልእክት አድራሽ ኬሚካል ይለቅና መልሶ ይሰበስበዋል። መድኃኒቱ መሰብሰቢያውን ይዘጋል። ሕዋሱ ግን «በዛ» ብሎ ፍሬን ይይዛል። አይጦች ላይ ሲለካ በ2ኛው ቀን የሕዋሱ ምት ክፉኛ ይወርዳል፣ በ7ኛው ትንሽ ያንሰራራል፣ በ14ኛው ፍሬኑ ላልቶ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሰው ላይ ደግሞ ለውጡ እስኪታወቅ ሳምንታት ይፈጃል። አንተ ዕድሜህን ሙሉ ምድር ባቡር የሠራህ ሰው፣ አዋሽ ላይ ወርደህ «አዲስ አበባ የለም» አልክ።

እማዬም መድኃኒቷን ከሳምንት በላይ አልወሰደችም። በ1998 የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ያን ሁሉ ሰው ከወሰደ በኋላ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ከመቀመጫዋ ትዘል ነበር። እኛ ቤተ ሙከራ አይጧን ሳጥን ውስጥ አድርገን ድንገተኛ ድምፅ እናሰማታለን፤ ድንጋጤዋን ከሥሯ ያለው መለኪያ ይመዘግበዋል። ቁጥሩን ሳይ የማስበው እማዬን ነው። «የእብድ መድኃኒት» ብለህ ከእጇ ነጠቅካት። የት እንዳደረስከው እስከ ዛሬ አልነገርከንም። እኔም ያኔ ቆሜ እያየሁ አፌን አልከፈትኩም።

አሁን አንተ እንቅልፍ ስታጣ ያ ቀን ይመጣብኛል። ልወቅስህ አልነበረም የተነሳሁት።

አንድ ነገር ግን እባክህ ስማኝ። ጎረቤት ለወገብህ የሰጡህን የሕመም ማስታገሻ፣ ትራማዶል፣ ከዚህ መድኃኒት ጋር አትቀላቅል፤ እሱም ሴሮቶኒን ይጨምራል። ሴሮቶኒን ከልክ ሲያልፍ አይጦቹ ሆዳቸው መሬት ነክቶ፣ በፊት እግራቸው እየረገጡ ይንቀጠቀጣሉ። ሰውም ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፤ ሐኪሙ ጉልበቱን በመዶሻ ሲነካው እግሩ ይወረወራል። እንዲህ ካደረገህ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ሂድ። ፍሉኦክሴቲኑንም በራስህ እንደገና እንዳትጀምረው፤ ሁለቱንም መድኃኒት ይዘህ ሐኪሙን አማክረው። እህቴ አብራህ ትሄዳለች፣ ባጃጅ ነግሬያታለሁ።

ሐሙስ ማታ እደውላለሁ። ስልኩን ለእህቴ አታቀብላት፣ ራስህ አንሳው።

ልጅህ