ጃምፐሩን ከማመናችሁ በፊት ለኩ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በደብረ ብርሃን ከተማ የዲሽ ሪሲቨር በመጠገን የምተዳደር አንባቢያችሁ ነኝ። የምጽፈው ከአውራ ጣት ስለማትበልጥ አንዲት ሰሌዳ ነው፤ ኮምፒውተርን በዩኤስቢ በኩል ከሪሲቨር ጋር ስለምታነጋግረው ማገናኛ።

በነሐሴ ወር ከአንኮበር መንገድ የመጡ አንዲት እናት ሪሲቨራቸውን በነጠላ ጠቅልለው አመጡልኝ። «ልጄ፣ ለእንቁጣጣሽ ልጆቼ ይመጣሉ፤ እንዳታሳፍረኝ» አሉኝ። የጠፋው ሶፍትዌሩ ብቻ ስለነበር ቀላል ሥራ ነው ብዬ ተቀበልኋቸው። የማገናኛዋ ጃምፐር፣ ማለትም ቮልቱን የምንመርጥባት ትንሽ መሰኪያ፣ 3.3 ቮልት ላይ ነበር። መሬቱን (የዜሮ ቮልት መስመሩን) ከመሬት፣ ላኪውን ከተቀባይ፣ ተቀባዩን ከላኪ አገናኘሁ። በኮምፒውተሩ ላይ አንድም ፊደል አልወጣም። የሪሲቨሩን ፕሮሰሰር በጣቴ ብነካው አቃጠለኝ።

ገመዶቹን ነቅዬ ማገናኛዋን ብቻዋን በመልቲሜትር (በቮልት መለኪያ) ለካኋት። የኃይል ፒኗ (ገመድ የሚሰካባት እግሯ) በእርግጥም 3.3 ቮልት ይሰጣል። የመላኪያ ፒኗ ግን 4.9! ጃምፐሩ የሚቀይረው የኃይል ፒኑን ብቻ ነበር፤ ምልክቱ ከዩኤስቢው 5 ቮልት አልወረደም። በ3.3 ቮልት የሚሠራ ፕሮሰሰር አብዛኛውን ጊዜ ይህን አይችልም፤ ትርፉ ቮልት በፒኑ በኩል ሾልኮ ወደ ውስጥ ይገባል።

ስለዚህ የሙያ ባልደረቦቼን የምለምነው ከማገናኘታችሁ በፊት እንድትለኩ ነው። የመልቲሜትሩን ጥቁር ዘንግ የማገናኛዋ የመሬት ፒን ላይ፣ ቀዩን መላኪያው ላይ አድርጉ። ምንም መልእክት በማይተላለፍበት ጊዜ መስመሩ ከፍ ብሎ ስለሚቆም የምታነቡት ቁጥር ትክክለኛው የምልክት ቮልቴጅ ነው። 5 ሆኖ ከተገኘ በሁለት ሬዚስተር (ፍሰት ገቺ)፣ ባለ 1 ኪሎ ኦሙን ከመላኪያው በኋላ፣ ባለ 2 ኪሎ ኦሙን ከዚያ ወደ መሬት አድርጋችሁ፣ ከመሃላቸው ወደ 3.3 የወረደውን መውሰድ ይቻላል። የምትጠግኑት ዕቃ ስንት ቮልት እንደሚፈልግ ካላወቃችሁም ከ3.3 ጀምሩ፤ የ5 ቮልት ዕቃ ቢበዛ አልሰማም ይላል እንጂ አይቃጠልም። ሪሲቨሩ በራሱ ኃይል በርቶ ሳለ ቀዩን የኃይል ገመድ ጨርሶ አትሰኩ። ባለ ዘጠኝ ፒኑ አሮጌ የኮምፒውተር ገመድ ደግሞ የባሰ ነው፤ ከዜሮ በታችም በላይም እስከ 15 ቮልት ሊያወጣ ስለሚችል ያለ ቮልት መቀየሪያ ወደ እንዲህ ያለ ሰሌዳ አይጠጋም።

ሻጮችም ብትሆኑ በማሸጊያው ላይ «3.3 እና 5» ብሎ መጻፍ አይበቃም። የኃይሉ ነው ወይስ የምልክቱ? አንድ መስመር ጨምራችሁ ብትጽፉ ስንት ዕቃ ይተርፍ ነበር! የሙያ ማሠልጠኛ መምህራንም ይህን ልኬት ተማሪዎቻችሁን በመጀመሪያው ሳምንት አስለኳቸው።

ለእኚያ እናት ከተጣለ ተመሳሳይ ሪሲቨር ላይ ሰሌዳውን አውጥቼ ቀየርሁላቸው፤ ገንዘብም አልተቀበልኋቸውም። ጳጉሜን 3 ቀን በሩፋኤል ዝናብ መጥተው ወሰዱት።

ከአክብሮት ጋር
የሪሲቨር ጠጋኝ፣ ከደብረ ብርሃን