ሕጉ የከለከለውን ወረቀት ከእናቴ አትጠይቁ

ክቡር አዘጋጅ፣

ሰሞኑን ስለ ጣሊያን ዜግነት ብዙ ይወራል። አያትህ ጣሊያን ከሆነ ፓስፖርቱ በእጅህ ነው የሚሉ ደላሎችም በዝተዋል። እኔን ግን ያስጻፈኝ ሌላ ነገር ነው። በወረራው ዘመን ከጣሊያን አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት ተወልደው፣ የአባታቸው ስም በወረቀት ላይ ስላልሰፈረ ብቻ ዛሬ "ማስረጃ አምጡ" የሚባሉ አዛውንቶች አሉ። እናቴ አንዷ ናት።

የተወለደችው ደሴ ነው፣ ሐምሌ 1932 ዓ.ም.። አባቷ የጣሊያን ጦር የካሚዮን ሹፌር ነበር። በ1933 ደሴ በእንግሊዝ ጦር ስትያዝ ተማርኮ ተወሰደ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም። ክርስትና ስትነሳ "አባት" በሚለው ላይ የተጻፈው የእናቷ አባት ስም ነው። እንደሷ ያሉ ብዙ ልጆች የተመዘገቡት እንዲሁ ነው። አባቱ ያልታወቀ፣ ያውም የጠላት ልጅ የተባለ ልጅ ሰፈር ውስጥ ምን ተብሎ ይሰደብ እንደነበር ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ይሄ ነው። አባቷ "ልጄ ናት" ብሎ ሊያስመዘግባት ቢፈልግ እንኳ አይችልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1937 የወጣው የጣሊያን ድንጋጌ ጣሊያናዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ሲኖር ከተገኘ ከ1 እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር ያዛል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1940፣ እናቴ ከመወለዷ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ማለት ነው፣ ሕግ ቁጥር 822 መጣ። ይሄ ደግሞ ጣሊያናዊው ወላጅ ክልስ ልጁን ልጄ ብሎ እንዳይቀበል፣ የቤተሰብ ስሙንም እንዳይሰጠው ከለከለ፤ ማሳደጉንም ማስተማሩንም ሙሉ በሙሉ በአገሬው ወላጅ ጫንቃ ላይ ጣለው። ሕጉ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። ያን ጊዜ ስንቱ አባት ሞቷል፣ ስንቱስ አገሩ ገብቶ ሌላ ትዳር ይዟል!

እና ዛሬ ምን ይባላል? አባትየው ልጁን የተቀበለበት ሰነድ ይቅረብ። ያንን ሰነድ ማውጣት የከለከለው እኮ ያው መንግሥት ነው!

እኛ ቤት አንድ ፎቶ አለ። ሰውዬው ካሚዮኑን ተደግፎ ቆሟል፤ ጀርባው ላይ ስሙ፣ የትውልድ መንደሩና ዓመቱ በእርሳስ ተጽፏል። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ስም፣ የትውልድ ቦታና ዓመት ከታወቀ የወታደርነት መዝገቡን በክፍለ ሀገሩ የመንግሥት ቤተ መዛግብት መፈለግ ይቻላል፣ የልደት ማስረጃውን ደግሞ በተወለደበት ማዘጋጃ ቤት። የወታደር መዝገቡ የወላጆቹን ስም፣ የት የት እንደዘመተ፣ መማረኩንም ጭምር ይናገራል።

የእኛ ወረቀት ግን ሌላ ራስ ምታት ነው። የእናቴን የክርስትና ወረቀት የተረጎመልን ቢሮ 1932 የሚለውን እንዳለ ገልብጦ አስቀመጠው። በፈረንጅ አቆጣጠር ሲነበብ እኮ እናቴ የተወለደችው ጣሊያን አገራችንን ከመውረሩ በፊት ሆነ! እንዲህ ያለ ወረቀት ውጭ ጉዳይ ቢያረጋግጠው፣ ኤምባሲ ማኅተም ቢመታበት ምን ይጠቅማል? እባካችሁ የተተረጎመ ነገር ስትቀበሉ መጀመሪያ ዓመቱን እዩ።

የሚቀረው መንገድ ፍርድ ቤት ነው። በጣሊያን ፍትሐ ብሔር ሕግ ልጁ ራሱ አባትነት እንዲታወጅለት ሲጠይቅ ጊዜ አይገድበውም፤ አባትየው ከሞተም በወራሾቹ ላይ መክሰስ ይችላል። ልጁ ክሱን ሳይጀምር ከሞተ ግን ልጆቹ ያላቸው 2 ዓመት ብቻ ነው። እናቴ 85 አልፏታል። እሷ ብትረታ እንኳ ለአካለ መጠን ከደረሰች በኋላ የታወጀ ስለሆነ ዜግነቱ ቀጥታ አይሰጣትም፤ በ1 ዓመት ውስጥ እመርጣለሁ ብላ ማሳወቅ አለባት። የሚቆጠረውም ከዚያ ወዲህ ስለሆነ እኛ አድገን ልጅ የወለድነው ልጆቿ አናገኝም። ደላሎቹ የማይናገሩት ይሄንን ነው።

ባለፈው ዓመት፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2025፣ ሕጉ ደግሞ ጠብቋል። ውጭ አገር ተወልዶ የሌላ አገር ዜግነት ያለው ሰው በትውልድ ሐረግ ዜግነት የሚጠይቀው፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ ወላጁ ወይም አያቱ የጣሊያን ዜግነት ብቻ ያለው ወይም ሲሞት የነበረው ከሆነ ነው። የቆንስላው ክፍያም ለአንድ አዋቂ 600 ዩሮ ገብቷል። ጥብቅ ያደረጉት በደቡብ አሜሪካ የቅድመ አያት ወረቀት ይዞ የሚመጣው ሕዝብ ስለበዛባቸው ነው ይባላል፤ ይሁን። የደቡብ አሜሪካው ሰው ቅድመ አያት ግን ልጁን እንዳያስመዘግብ የከለከለው የዘር ሕግ አልነበረም።

እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ሕግ 822 በሥራ ላይ እያለ የተወለዱ፣ ወይም በዚያ ሕግ ምክንያት ሳይመዘገቡ የቀሩ ሰዎች፣ አባትነቱ በዲ.ኤን.ኤ. ወይም በሌላ ማስረጃ ከተረጋገጠ ከተወለዱበት ቀን ጀምሮ እንደተመዘገቡ ይቆጠሩ። ይሄን የሚያህል ነገር የጣሊያን ፓርላማ በአንድ አንቀጽ ሊጨርሰው ይችላል። የጣሊያን ዜግነት ይዛችሁ ሮም ያላችሁ፣ ሚላን ያላችሁ ወገኖች እዚያ ድምፅ አላችሁ፤ የመረጣችኋቸውን ጠይቁልን። አዲስ አበባ ያለው ኤምባሲም ቢያንስ እነዚህን አዛውንቶች ለብቻ ተቀብሎ ያነጋግራቸው፤ ከቪዛ ጠያቂ ጋር አብረው አይጉላሉ።

እናቴ ጣሊያን ሄዳ መኖር አትፈልግም። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት እንደማትፈቅድም ታውቃለች፤ ፓስፖርቱን ልትወስደውም ላትወስደውም ትችላለች። የምትፈልገው የአባቷ ስም "አባት" በሚለው ላይ እንዲጻፍ ነው።

እንደኛ ያላችሁ ቤተሰቦች ደግሞ አዛውንቶቹን አሁኑኑ ጠይቁ፣ በስልክ ቅዱ። የአባትየውን ስም እነሱ እንደሚጠሩት ጻፉ፤ የነበረበትን ክፍል፣ የሠራበትን መንገድ፣ ጓደኞቹን ሳይቀር። ፎቶውን ፊቱንም ጀርባውንም ስካን አድርጉ። ኦርጅናሉን ግን ለማንም ደላላ አትስጡ፣ ቅጂው ይበቃዋል።

አንባቢያችሁ፣
ከኮምቦልቻ