የጎረቤት ዘለፋ የአስተዳዳሪውም ጉዳይ ነው

ለአዘጋጁ፦

በአሜሪካ ተከራይ ተከራይን በቆዳ ቀለሙ ወይም በትውልድ አገሩ ሲያዋክብ የሕንፃ አስተዳዳሪው ስላለበት ግዴታ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤያለሁ። በእኛ ሕንፃ አንዲት እናት ነጠላቸውን ለብሰው ልብስ ማጠቢያ ክፍል በወረዱ ቁጥር አንድ ጎረቤት «ወደ አገርሽ ሂጂ» ይላቸዋል። አቤት ሲሉ አስተዳዳሪው «የግል ጠባችሁ ነው» ብሎ ሸኛቸው።

ይህ አያስኬድም። ለውሻ ጩኸት በር ላይ ማስጠንቀቂያ የሚለጥፍ ሰው ለዚህ ሲሆን አቅም አጣ? የኪራይ ውሉ እኮ በእጁ ነው።

እርግጥ ፍርድ ቤቶች አንድ ቋንቋ አይናገሩም። እ.ኤ.አ. የ1968ቱን የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ ጠቅሶ፣ በቺካጎ ያለው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2018 አከራይ እያወቀ ዝም ካለ ሊጠየቅ እንደሚችል ወስኗል። የኒው ዮርኩ ደግሞ በ2021 ይህን በር በጣም አጥብቦታል። ለዚህ ነው ማስረጃ የሚያስፈልገው። በቃል የተነገረ አቤቱታ «አልሰማሁም» ይባላል።

ስለዚህ ቀኑና የተባለው ቃል እንዳለ ተጽፎ፣ በኢሜይል ይላክ። ለፌዴራሉ የቤቶች ሚኒስቴር ለማመልከት ያለው ጊዜ 1 ዓመት ብቻ ነው። እናንተም የአቤቱታ ናሙና በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን አትሙልን።

አንድ አንባቢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ