ግልጽ ደብዳቤ፦ ለሐረርጌ የዓለት ሥዕሎች ከጎብኚ በፊት ጠባቂ ይመደብ

ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር
አዲስ አበባ

ክቡርነትዎ፣

ከድሬዳዋ በስተደቡብ ምዕራብ፣ ለገ ኦዳ በሚባለው የዓለት ጥላ ሥር የከብት መንጋ ተሥሏል። ከብቶቹ ቀንዳቸው ረጅም ነው፤ ሻኛ ግን የላቸውም። ሻኛ ያለው ከብት እያየን ላደግን ሰዎች ይህ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው፤ በእነዚህ ደረቅ ተራሮች ቀድሞ ሌላ ዓይነት ላም ይታለብ እንደነበር ከሥዕሉ በላይ ምስክር የለንም። ዲላ አቅራቢያ በወንዝ ገደል ላይ የተፈለፈሉት ላሞችም የእነዚሁ ዘመዶች ናቸው፤ ግታቸው ጎልቶ ተቀርጾ በሰልፍ ይሄዳሉ።

ፈረንሳዊው ቄስና የጥንት ሥዕሎች ተመራማሪ አባ ብሩይ እ.ኤ.አ. በ1933 የሐረርጌን ሥዕሎች መዝግበዋል። ኋላም ተመራማሪዎች ይህን በሁለት አገር የሚገኝ አሣሣል ከሁለት ቦታዎች ስም አጣምረው «ሱሬ-ሐናኪያ» አሉት፤ ሱሬ የእኛው ሐረርጌ ነው፣ ሐናኪያ ደግሞ ሳዑዲ ዐረቢያ። ሳዑዲዎች የሐኢልን የዓለት ቅርጾች በ2015፣ የሒማን በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት አስመዝግበዋል። እኔ ግን ዛሬ የምለምነው ዩኔስኮን አይደለም።

የምለምነው ጠባቂ ነው። የእሳት ጢስ ቀለሙን ያጠቁራል፣ ፍየል ስትታከክ ግድግዳው ይፋቃል፣ ስሙን በከሰል የሚጽፍም አይጠፋም። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ወዶት የሚጎዳው ሰው ነው፦ ፎቶው እንዲደምቅለት በሥዕሉ ላይ ውኃ ይረጫል። ውኃው ከዓለቱ ውስጥ ጨው ያወጣል፣ ሲደርቅም ቀለሙን ይሸፍነዋል ወይም ይልጠዋል። ስለዚህ መንገድና የምልክት ሰሌዳ ከጠባቂ ቀድሞ ከደረሰ ለቦታው በረከት አይሆንም።

ጠባቂው ከአዲስ አበባ መላክ የለበትም። በዚያው ተራራ ከብት የሚያረቡት ሰዎች እያንዳንዱን ጥላ ያውቁታል፤ ደመወዝ ይቆረጥላቸው፣ ከብቶቻቸውን ከፀሐይ የሚያስጠልሉበት ሌላ ቦታም አብሮ ይታሰብ። ከለመዱት ጥላ በትእዛዝ ብቻ ማባረር ጠላትነት ያተርፋል። ከዚያ በፊት ግን ሥዕሎቹ አንድ ሳይቀሩ በጥራት ፎቶ ይነሡ፤ የደበዘዘውን የሰው ዓይን ባያየው እንኳ ዛሬ ኮምፒውተር ከፎቶው አጉልቶ ያወጣዋል።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የመመዝገብና የመጠበቅ ሥራ ለመሥሪያ ቤትዎ ሰጥቷል። በሐረርጌ የተመዘገቡት የትኞቹ እንደሆኑ፣ የትኞቹም ጠባቂ እንዳላቸው ለሕዝብ እንዲገልጹልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከድሬዳዋ